ሌሊቱን በባሕር ላይ የሚያነጉ ሙዚቀኞች

ፊንላንድን፣ ስዊድንንና ኢስቶኒያን በባልቲክ ባሕር ላይ የሚያገናኙት ትልልቅ ፌሪዎች ሰው፣ መኪናና የጭነት ተሽከርካሪ ያሻግራሉ። ሥራቸው ግን በማሻገር አያበቃም። ከሄልሲንኪ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ የተነሣ መርከብ ስቶክሆልም የሚገባው በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። በመካከል ባለው ሌሊት ሁለት ሺሕና ከዚያ በላይ የሚሆን ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይገበያል፣ ይጨፍራል፣ ይተኛል። የመርከብ ኩባንያዎቹ የሚተዳደሩትም በትኬት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ተሳፋሪው መርከቡ ላይ ከወጣ በኋላ በምግብ ቤቱ፣ በመጠጥ ቤቱና በሱቁ የሚያወጣው ገንዘብ ትልቅ ድርሻ አለው። ያ ገንዘብ እንዲወጣ ሰው ከካቢኑ መውጣት አለበት፤ ከካቢኑ የሚያስወጣው ደግሞ በአብዛኛው ሙዚቃ ነው። ስለዚህ በእነዚህ መርከቦች ላይ የሚጫወት ሰው እንደ ወጥ ቤት ሠራተኛውና እንደ መካኒኩ ሁሉ መርከቡን ከሚያኖሩት ሰዎች አንዱ ነው። በሙዚቃው ዓለም ግን ሥራው ዝቅ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ ጠጋ ብሎ ላየው ይህ አመለካከት ፍርደ ገምድል ነው።

የባልቲክ የመኪና ፌሪዎች ዘመን የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1957 ሦስት የቆዩ የመርከብ ድርጅቶች ተባብረው ሲልያ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በ1959 ደግሞ ቫይኪንግ የምትባል የእንፋሎት መርከብ በኦላንድ ደሴቶች በኩል ፊንላንድንና ስዊድንን ማገናኘት ጀመረች፤ የዛሬው ቫይኪንግ ላይን ስሙን የወረሰው ከእርሷ ነው። በ1961 ሲልያ ስካንዲያን ሥራ ላይ ሲያውል፣ መኪና እየነዱ ገብተው እየነዱ የሚወጡባት አዲስ ዓይነት መርከብ በሰሜኑ ባልቲክ ታየች።

ጊዜው የስደት ጊዜ ነበር። የሰሜን አውሮፓ አገሮች ዜጎች ከ1954 ጀምሮ ያለ ሥራ ፈቃድ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሄደው መሥራት ይችሉ ስለነበር፣ የስዊድን ፋብሪካዎች ብዙ ፊንላንዳዊ ወጣት ጠሩ። በ1969 እና በ1970 ብቻ ወደ 80,000 የሚጠጋ ሰው ከፊንላንድ ወደ ስዊድን ተሻግሯል። ይህ ሠራተኛ በበጋ ዕረፍትና በገና ወደ ቤተሰቡ የሚመለሰው በመርከብ ነበር። ኪሱ ደመወዝ ይዟል፣ ልቡ አገሩን ናፍቋል፣ ከፊቱ ረጅም ሌሊት አለ። በመርከቡ አዳራሽ የፊንላንድ ታንጎ የሚጫወት ባንድ መኖሩ ለእንዲህ ዓይነቱ መንገደኛ ምን ያህል ትርጉም እንደነበረው፣ ከአገሩ ርቆ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የመርከብ ሙዚቃ በባልቲክ ሥር የሰደደው በዚህ ዓይነቱ ተሳፋሪ ዙሪያ ነው።

በ1980ዎቹ ኩባንያዎቹ እየተፎካከሩ መርከቦቻቸውን አገዘፉ። በ1990 የተሠራችው ሲልያ ሴሬናድ 203 ሜትር ርዝመት ሲኖራት እስከ 2,852 ተሳፋሪ ትይዛለች። በመካከሏ ሱቅና ምግብ ቤት በግራና በቀኝ የተደረደረበት፣ ብዙ ፎቅ ከፍታ ያለው፣ ከመቶ ሜትር በላይ የሚረዝም የውስጥ ጎዳና አለ። ወደዚህ ጎዳና የሚያይ መስኮት ያላቸው ካቢኖችም አሉ። እንዲህ ባለች መርከብ ላይ አንድ ባንድ አይበቃም፤ ሙዚቃ በየማዕዘኑ ይፈለጋል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ትልቁ ለውጥ የቀረጥ ጉዳይ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በአባል አገሮቹ መካከል የነበረውን ቀረጥ ነፃ ሽያጭ ሐምሌ 1 ቀን 1999 አቆመ። የኦላንድ ደሴቶች ግን የፊንላንድ ግዛት ሆነው ሳለ ከኅብረቱ የቀረጥ ክልል ውጭ በመሆናቸው፣ በዚያ በኩል የሚያልፍ መርከብ ያለ ቀረጥ መሸጡን መቀጠል ይችላል። የሌሊት መርከቦቹ ብዙ ሰው በተኛበት ሰዓት በኦላንድ ወደቦች፣ በማሪሃምን ወይም በሎንግኔስ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቆመው የሚያልፉት በዚሁ ምክንያት ነው። በታሊንና በስቶክሆልም መካከል የሚሄዱትም በኦላንድ በኩል ይዞራሉ። ይህች አጭር ማቆሚያ ባትኖር ኖሮ የብዙ ሙዚቀኞች እንጀራ አብሮ ይቀር ነበር ማለት ይቻላል።

በአንድ ትልቅ ፌሪ ላይ የተለያየ ዓይነት ሙዚቀኛ ይሠራል። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ጊታሩን ይዞ ብቻውን የሚቀመጥ ዘፋኝ አለ፤ ተሳፋሪው አብሮት የሚዘምራቸውን ዘፈኖች በብዛት ማወቅ ግዴታው ነው። ጸጥ ባለው ባር ፒያኖ የሚጫወት አለ። በዋናው አዳራሽ ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታርና ኪቦርድ ያለው፣ አንዳንዴ ሳክስፎን ወይም አኮርዲዮን የሚጨምር የዳንስ ባንድ ይቆማል። ከተወዛዋዦች ጋር የተዘጋጀ ትርኢት የሚያቀርብ ቡድን ደግሞ ለብቻው አለ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ስሙ በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፍ እንግዳ ድምፃዊ አለ፤ እርሱ ለአንድ ሌሊት ተሳፍሮ፣ አንድ ሰዓት ያህል ዘፍኖ፣ በማግስቱ ይወርዳል ወይም በዚያው መርከብ ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሰው ግን እንግዳው ኮከብ አይደለም። እርሱ ከመምጣቱ በፊትም ከሄደ በኋላም መድረኩን የያዘው፣ ስሙ በማስታወቂያው ግርጌ በትንሹ የተጻፈው የቤቱ ባንድ ነው።

የዚህ ባንድ ቀን የሚጀምረው መርከቡ ገና ወደብ ላይ ሳለ ነው። ባንድ በሚቀያየርበት ቀን ዕቃው በመኪናው ፎቅ ይገባል፤ ከዚያ በሠራተኞች አሳንሰርና በጠባብ ኮሪደር ተገፍቶ ወደ አዳራሹ ይወጣል። የወደብ ቆይታ አጭር ስለሆነ አንድ ባንድ ዕቃውን ሲያወርድ ሌላው እየጫነ ነው። ድምፅ የሚፈተነው የጽዳት ሠራተኞች አዳራሹን በሚያጸዱበት ሰዓት ነው። ከመነሻው ሰዓት በፊት ተሳፋሪው ሲጎርፍ በመግቢያው አካባቢ ጊታር ወይም ፒያኖ የሚጫወት ሰው ይኖራል። ምሽቱ ሲጀምር ቅድሚያ የሚሰጠው ለልጆች ነው፤ በቫይኪንግ ላይን መርከቦች ቪሌ የተባለውን ድመት፣ በሲልያ ደግሞ ሃሪ የተባለውን የባሕር እንስሳ መስለው የለበሱ ሰዎች ከልጆቹ ጋር ይጨፍራሉ። ቀጥሎ እራት ይበላል። ከእራት በኋላ ቢንጎ ወይም የጥያቄና መልስ ውድድር ይደረጋል። ዳንሱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ባንዱ ብዙውን ጊዜ 45 ደቂቃ ያህል ተጫውቶ ሩብ ሰዓት ያርፋል፤ እንዲህ እያለ በአንድ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ መድረክ ይወጣል። የመጀመሪያው ዙር በዕድሜ ለገፉ ጥንዶች ነው። እነዚህ ሰዎች ለጭፈራው ብለው የተሳፈሩ፣ የዳንስ ጫማቸውን በከረጢት ይዘው የመጡ ናቸው፤ ፍጥነቱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ወዲያው ያውቃሉ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ወጣቱ ይገባል፤ መጠጡም ይበዛል፤ ዘፈኑ ወደ ሮክና ወደ ፖፕ ይዞራል። ከዚያ ዲጄው ይረከብና ጭፈራው ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ድረስ ይቀጥላል። ዲጄው ሲረከብ ሙዚቀኛው ኬብሉን ጠቅልሎ ወደ ካቢኑ ይወርዳል፤ በማግስቱ ምሽት ደግሞ እንደገና አዲስ ሰው ይጠብቀዋል።

የዳንሱን ሥርዓት ማወቅ ለዚህ ባንድ ከማንኛውም የሙዚቃ ዕውቀት በላይ ያስፈልጋል። በፊንላንድ የገጠር የዳንስ አዳራሾች የቆየ ልማድ አለ፤ ባንዱ አንድን የዳንስ ዓይነት ሁለት ዘፈን በተከታታይ ይጫወታል። ወንዱ ሴቷን ጋብዞ ያስነሣል፣ ሁለቱንም ዘፈን አብረው ይጨፍራሉ፣ ከዚያ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። ሴቶቹ የሚጋብዙበት ተራም አለ። በስዊድንም የዳንስ ባንዶች ሁለት ሁለት ዘፈን የመጫወት ልማድ አላቸው። ስለዚህ መርከብ ላይ ሁለት ታንጎ ከተጫወተ በኋላ ሁለት ፎክስትሮት፣ ከዚያ ሁለት ዋልትዝ፣ ከዚያ ሁለት ቻቻቻ ይመጣል። በዘፈኖቹ መካከል ያለው ጊዜ አጭር መሆን አለበት፤ ጥንዶቹ በወለሉ መካከል ቆመው እየጠበቁ ነው። ከአንድ ታንጎ በኋላ ወዲያው ወደ ዋልትዝ ዞሮ ሥርዓቱን ያፈረሰ ባንድ ግን የጥንዶቹን ግብዣ በመሃል ይቆርጣል፤ ይህን በፊንላንዳውያን ዘንድ ይቅር የሚል ጨፋሪ ብዙ አይገኝም።

የፊንላንድ ታንጎ ከአርጀንቲናው የተለየ መልክ ይዟል። ቅኝቱ አብዛኛውን ጊዜ ሐዘንተኛ ነው፤ ምቱ ቀጥ ያለና እንደ ማርሽ የረጋ ነው፤ ግጥሙ ስለ ናፍቆት፣ ስለ መኸርና ስለማይደረስበት ስፍራ ይናገራል። ኡንቶ ሞኖኔን በ1955 የደረሰው «ሳቱማ» የተባለ ታንጎ በ1962 ሬይዮ ታይፓሌ ሲዘፍነው አገር አዳረሰ፤ ዛሬም የፊንላንድ ባንድ ሆኖ ይህን ዘፈን የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ከ1985 ጀምሮ በሴይናዮኪ ከተማ በየዓመቱ የታንጎ በዓል ይከበራል። ይህ ሁሉ ሲሆን በዚያው መርከብ ላይ ስዊድናውያን አሉ፤ እነርሱ ደግሞ የራሳቸውን የዳንስ ባንድ ዘፈኖችና ቡግ የተባለውን ፈጣን የጥንድ ጭፈራ ይፈልጋሉ። የኢስቶኒያ ተሳፋሪም ይኖራል። ከሌላ አገር የመጣው ቱሪስት ሁሉም የሚያውቀውን የእንግሊዝኛ ዘፈን ይጠብቃል። የመርከብ ድምፃዊ በአንድ ምሽት በሦስት ቋንቋ መዝፈኑና በመካከሉ በሁለት ቋንቋ ማውራቱ የተለመደ ነው።

ይህን ሥራ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቶሎ የሚያስረዳው አዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪው ገና በሩን ተሻግሮ የገባውን እንግዳ አይቶ ከየት አገር እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስደስተው ይገምታል፤ ማሲንቆውን ወደዚያ ያዞራል። የፌሪው ድምፃዊም ከመድረክ ላይ ሆኖ ጠረጴዛዎቹን ያነባል። በአንዱ ጥግ ሰርግ ሊያከብሩ የመጡ አሉ፤ በሌላው የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ቢራ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከፊት ለፊት ደግሞ ስልሳኛ ዓመቷን የምታከብር ሴት ከእህቶቿ ጋር አለች። በወረቀት ናፕኪን ላይ የዘፈን ስም ተጽፎ ወደ መድረኩ ይላካል። ጥሩ ባንድ ያንን ዘፈን ባያውቀው እንኳ የሚቀርበውን ያገኛል፤ ባልተለማመዱበት ቁልፍ ጀምረው አብረው ይጨርሳሉ። ከሦስት መቶ በላይ ዘፈን በጭንቅላቱ ወይም በታብሌቱ ያልያዘ ባንድ በዚህ መድረክ ረጅም ጊዜ አይቆይም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚደረገው በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ ነው። መርከቦቹ ከጉዟቸው አንዱን ክፍል የሚያልፉት በደሴቶች መካከል ነው፤ የስቶክሆልም ደሴቶች ብቻ ከትንሹ ድንጋይ እስከ ትልቁ ተቆጥረው ወደ 30,000 ይደርሳሉ፤ በእነርሱ መካከል ያለው ውኃ የተጠለለ ስለሆነ መርከቡ ብዙም አይናወጥም። ከደሴቶቹ ወጥቶ ክፍት ባሕር ሲገባ ግን፣ በተለይ በመኸርና በክረምት፣ ወለሉ ቀስ ብሎ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ይቆያል፣ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ጨፋሪዎቹ ሁሉ ሳያውቁት ወደ አንድ ጎን ይጠጋሉ። ድራመሩ የእግር ድራሙ እንዳይሸሽ ከምንጣፉ ጋር አስሮታል፤ የሲምባል መቆሚያዎቹ እግራቸው ሰፍቶ ተዘርግቷል፤ ስፒከሮቹ በቀበቶ ከግድግዳ ጋር ተይዘዋል፤ የቡና ኩባያ በኪቦርድ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው የለም። ድምፃዊዋ በአንድ እጇ ማይክሮፎኑን፣ በሌላው መቆሚያውን ይዛ ጉልበቷን ላላ ታደርጋለች። መርከቡ ሲያዘነብል ዘፋኝ ትንፋሹን በሆዱ ይዞ እንዳይቀር መጠንቀቅ አለበት፤ ሰውነት ሚዛኑን ሊጠብቅ ሲታገል ሆድ ይጠነክራል፣ ረጅሙ ዜማም በመሃል ይቆረጣል። የባሕር ሕመም ያለበት ሙዚቀኛ መድኃኒት ይወስዳል፤ አንዳንዱ መድኃኒት ግን እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍም ያደርቃል፤ አፍ መድረቅ ደግሞ ለዘፋኝና ለሳክስፎን ተጫዋች የራሱ ጣጣ አለው።

ክረምቱ ሌላ ድምፅ ይዞ ይመጣል። የባልቲክ ውኃ ጨዉ አነስተኛ ስለሆነ በቀላሉ ይጋገራል። በደሴቶቹ መካከል በረዶ ሲኖር መርከቡ እየሰበረ ያልፋል፤ የበረዶው ስባሪ የመርከቡን ብረት እየፋቀ ሲሄድ የሚሰማው ነጎድጓድ በታችኞቹ ካቢኖች ለተኛ ሰው እንቅልፍ አይሰጥም። ሙዚቀኞች ከሚያድሩባቸው ካቢኖች ብዙዎቹ ያሉትም እዚያው ታች ነው።

የድምፅ ሥራው ራሱ ከባድ ነው። የመርከብ አዳራሽ ከብረት የተሠራ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ የቤዝ ድምፅ በብረቱ ውስጥ ተጉዞ ከላይና ከታች ባሉት ካቢኖች ሰው ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ባንዱ ድምፁን ቀንሶ፣ ጉልበቱን ግን ሳይቀንስ መጫወት ይማራል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት የቀኑ አማካይ የድምፅ መጠን 85 ዴሲቤል ሲደርስ የጆሮ መከላከያ መጠቀም ግዴታ ይሆናል፤ ይህ ከ2008 ወዲህ ሙዚቀኞችንም ይመለከታል። በየሌሊቱ ከድራም አጠገብ ለሚቆም ሰው ይህ ከወረቀት ያለፈ ጉዳይ ነው። ዛሬ በልኩ የተሠራ የጆሮ መሰኪያ ያላደረገ የመርከብ ሙዚቀኛ ነገ ዘፈኑን ሳይሆን የጆሮውን ጩኸት ያዳምጣል።

የመርከብ ኑሮ ከመድረኩ ውጭ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብዙ ነው። ካቢኑ ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከባልደረባ ጋር ይጋሩታል። ምግብ በሠራተኞች ምግብ ቤት ይበላል። ከሄልሲንኪ ወደ ስቶክሆልም የሚሄድ መርከብ በየሁለተኛው ቀን ጠዋት ሄልሲንኪ ይመለሳል፤ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ድረስም ይቆማል። የሄልሲንኪ ነዋሪ የሆነ ሙዚቀኛ በእነዚህ ሰዓታት ቤቱ ደርሶ ልጁን አይቶ፣ ልብሱን ቀይሮ ይመለሳል፤ ወይም ደክሞት ይተኛል። ለቤተሰብ ያለው ጊዜ ይህ ብቻ ነው። በሄልሲንኪና በታሊን መካከል፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትሆነው አጭር መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ሁኔታው ይለያል፤ ጉዞው ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ አጭር አጭር ፕሮግራም ይጫወታል፤ ማታም ቤቱ የማደር ዕድል አለው።

መጠጥ የዚህ ሙያ ትልቁ አደጋ ነው። ሥራው መጠጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ተሳፋሪው ሙዚቀኛውን መጋበዝ ይወዳል፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ ሌላ የሚሄዱበት ቦታ የለም። የመርከብ ኩባንያዎች በዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው፤ ምክንያቱም በአደጋ ጊዜ በመርከቡ ላይ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ንቁ መሆን አለበት። ሙዚቀኛውም ሥራ ሲጀምር የሕይወት ጃኬት አለባበስ፣ የማንቂያ ደወል ምልክትና የመውጫ መንገድ ይማራል፤ በመርከቡ የአደጋ ዝርዝር ላይ ኃላፊነት ከተሰጠው ከዚያ የጠለቀ ሥልጠና መውሰድ አለበት። አዳራሹ ሙሉ በሆነበት ሰዓት ማይክሮፎኑ በእጁ ያለው እርሱ በመሆኑ፣ ሰውን ማረጋጋትም በእርሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ይህ ጥንቃቄ ባዶ ሥርዓት አይደለም። ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ስትጓዝ የነበረችው ኢስቶኒያ የተባለች ፌሪ መስከረም 28 ቀን 1994 ሌሊት በማዕበል መካከል የፊት መዝጊያዋ ተገንጥሎ ሰጠመች። በመርከቧ ላይ ከነበሩት 989 ሰዎች 852ቱ ሞቱ። ከሞቱት መካከል በመርከቧ ላይ በአዝናኝነት ይሠራ የነበረው ስዊድናዊው ድምፃዊ ፒየር ኢሳክሰን ይገኝበታል፤ በ1971 እና በ1972 ፋሚሊ ፎር ከተባለው ቡድን ጋር በዩሮቪዥን ውድድር ስዊድንን ወክሎ የዘፈነ ሰው ነበር። ኡርማስ አሌንደር የተባለው ታዋቂ የኢስቶኒያ ሮክ ዘፋኝም በዚያው ሌሊት አልፏል። ከዚህ አደጋ በኋላ በሰሜን አውሮፓ የፌሪዎች አሠራርና የደኅንነት ደንብ ተጠናክሯል፤ በባልቲክ ለሚሠሩ ሙዚቀኞችም የማንቂያ ደወል ልምምድ ከዚያ ወዲህ ሌላ ክብደት አለው።

ሙዚቀኛው በሕግ ፊት ማን ነው የሚለው ጥያቄም በባሕር ላይ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። ታይታኒክ በሚያዝያ 1912 ስትሰጥም የሞቱት ስምንቱ ሙዚቀኞች የመርከቡ ኩባንያ ሠራተኞች አልነበሩም። የቀጠራቸው በሊቨርፑል የነበረ ሲ. ደብሊው እና ኤፍ. ኤን. ብላክ የተባለ የሙዚቀኛ ወኪል ነው። ይህ ወኪል ከመርከብ ኩባንያዎቹ ጋር በተዋዋለ ጊዜ የሙዚቀኛው የወር ክፍያ ከ6 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ወደ 4 ፓውንድ ወርዶ ነበር። የተሳፈሩት በሁለተኛ ማዕረግ ትኬት በመሆኑ፣ ቤተሰቦቻቸው የሠራተኛ ካሳ ሲጠይቁ የሚሰማቸው አጡ። ጆክ ሂዩም የተባለው የ21 ዓመቱ ቫዮሊን ተጫዋች ከሞተ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ለአባቱ የደንብ ልብሱ ሒሳብ እንዲከፈል ደብዳቤ ደረሳቸው። ዓለም ስለ እነዚህ ሰዎች ጀግንነት ብዙ ተናግሯል፤ ስለ ውላቸው ግን የተነገረው ጥቂት ነው፤ ሊነገር የሚገባው ግን ይኸው ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ተሻሽሏል። በ2006 የጸደቀውና በነሐሴ 2013 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም የሥራ ድርጅት የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ በመርከብ ላይ በማንኛውም ዓይነት ሥራ የተሰማራን ሰው የባሕር ሠራተኛ ይለዋል። ስለዚህ በመርከቡ ላይ እያደረ የሚሠራ የቤት ባንድ እንደ ሌላው ሠራተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ የ10 ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ የ77 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል፤ የቀኑ ዕረፍት ከሁለት በላይ አይከፈልም፤ ከሁለቱ አንዱ ከ6 ሰዓት ማነስ የለበትም። ለአንድ ሌሊት የሚመጣ እንግዳ ድምፃዊ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ውጭ ይሆናል። የሙዚቀኞች ማኅበራትም ጉልበት አላቸው፤ የፊንላንድ ሙዚቀኞች ማኅበር ከ1917 ጀምሮ ያለ ነው። ባንዱ በየምሽቱ የተጫወታቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ሞልቶ ያስገባል፤ ለደራሲዎቹ የሚገባው ክፍያ በዚያ መሠረት ይታሰባል። ዘፈን የሚደርስ ሙዚቀኛ የራሱን ሥራ በመርከብ ላይ ቢጫወት ከዚህ ድርሻው ይደርሰዋል።

መርከብ ትምህርት ቤት መሆኑ በባልቲክ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የስትሬክፈስ ቤተሰብ የመዝናኛ መርከቦች ነበሩ፤ በእነርሱ ላይ ፌት ማራብል የተባለ ፒያኖ ተጫዋች ባንድ ይመራ ነበር። ወጣቱ ሉዊ አርምስትሮንግ ከ1919 እስከ 1921 በዚህ ባንድ ሠርቷል፤ ከኒው ኦርሊየንስ ሲወጣ በጆሮው ብቻ ይጫወት የነበረው ሰው ኖታ በቅጡ ማንበብን የተማረው እዚያ ነው። ድራመሩ ቤቢ ዶድስና ቤዝ ተጫዋቹ ፖፕስ ፎስተርም በዚያው ባንድ አልፈዋል። የመርከቡ ባለቤቶች የዳንሱ ፍጥነት እንዳይዛባ በጥብቅ ይቆጣጠሩ ነበር፤ ጥቁር ሙዚቀኞቹ የሚጫወቱት ግን በአብዛኛው ለነጭ ተሳፋሪ ነበር፤ በሴንት ሉዊስ ለጥቁሮች የተመደበው ምሽት ሰኞ ብቻ ነበር። በዚያ ግፍ መካከል የተገኘው ጥበብ የጃዝን ታሪክ ለውጧል። በባልቲክም ቢሆን አራት መቶ ሌሊት በመርከብ ላይ የተጫወተ ድራመር ማንኛውንም መድረክ አይፈራም፤ የፍጥነት ስሜቱ፣ የማስታወስ ችሎታውና ከማያውቀው ዘፋኝ ጋር ወዲያው የመግባባት ልምዱ በየትኛውም ኮሌጅ በዚህ መጠን አይገኝም።

በቅርብ ዓመታት የሥራው መጠን ቀንሷል። የዲጄ ወጪ ከአምስት ሰው ባንድ ያነሰ ነው፤ ካራኦኬ ደግሞ ተሳፋሪውን ራሱን ዘፋኝ ያደርገዋል። ስድስት ሰው የነበረው ባንድ አራት፣ አራት የነበረው ደግሞ የተቀዳ ድምፅ የሚያጅበው ሁለት ሰው የሆነበት መርከብ አለ። ሲልያ በ2006 በኢስቶኒያው ታሊንክ ከተገዛ ወዲህ ከኢስቶኒያ የሚመጡ ሙዚቀኞች በእነዚህ መድረኮች ላይ በርክተዋል። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት የመንገደኞች ጉዞ ሲገታ የመርከብ ሙዚቀኞች ሥራ በአንድ ጊዜ ቆመ፤ በዘርፉ በፍሪላንስ የሚሠሩት ብዙ በመሆናቸው ጉዳቱ ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲህ መርከቦቹ ተመልሰዋል፤ ቫይኪንግ ላይንም በ2022 ቫይኪንግ ግሎሪ የተባለችውን አዲስ መርከብ በቱርኩና በስቶክሆልም መካከል ሥራ ላይ አውሏል። ዳንስ ፈልጎ የሚሳፈረው ሰውም አልጠፋም።

ወደዚህ ሥራ መግባት የሚፈልግ ባንድ አብዛኛውን ጊዜ በወኪል በኩል ያልፋል። ወኪሉ በመድረክ ላይ ሲጫወቱ የሚያሳይ ቪዲዮና የዘፈን ዝርዝር ይጠይቃል፤ ዝርዝሩ በዳንስ ዓይነትና በቋንቋ ተለይቶ ቢቀርብ ይመረጣል። ውል የሚፈረመው ለጥቂት ቀናት፣ ለሁለት ሳምንት ወይም ለወር ሊሆን ይችላል፤ ረዘም ላለ ቆይታ የጤና ምርመራ ያስፈልጋል። ልምድ ያላቸው ሙዚቀኞች ከመፈረማቸው በፊት ደጋግመው የሚያዩት የክፍያውን መጠን ብቻ አይደለም፤ ካቢኑ ለብቻ ነው ወይስ በጋራ፣ ምግብ በማን ወጪ ነው፣ በማዕበል ምክንያት ፕሮግራም ቢሰረዝ ይከፈላል ወይ፣ የሙዚቃ መሣሪያው በመርከቡ ላይ ቢበላሽ ኢንሹራንሱ የማን ነው፣ ከዳንሱ ውጭ ቢንጎና ካራኦኬ መምራት በሥራው ውስጥ ተካቷል ወይስ ለብቻ ይከፈላል የሚሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ያነባሉ።